«ታታሪ ነበር» ብዬ ጻፍኩ፤ አባቴ ግን ጽሑፉ ውስጥ የለም

የልብስ ሰፊው ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙውን ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን የምጠይቃችሁ ነገር አለኝ።

አባቴ ካረፈ 3 ወር አለፈው። ልብስ ሰፊ ነበር። በ17 ዓመቱ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠ፣ በ68 ዓመቱ ተነሣ። 51 ዓመት መሆኑ ነው። በዚያች መኪና እኛን ስድስት ልጆቹን፣ ሁለት የሟች ወንድሙን ልጆች፣ እናቱን እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ፣ ሥራ ሊለምዱ መጥተው ቤተሰብ ሆነው የቀሩትንም ሳይቀር አኑሯል።

የቀብሩ ዋዜማ የሕይወት ታሪኩን አንተ ጻፍ ተባልኩ፤ ታላቅ ነኝ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ታታሪ፣ ትጉህ፣ ሥራ ወዳድ፣ ለቤተሰቡ የኖረ፣ ቅን። ተነበበ፣ ተለቀሰም። በሳምንቱ ወረቀቱን ከኮቴ ኪስ አውጥቼ ሳነበው ግን ደነገጥኩ። የአባዬን ስም አውጥቼ የማንንም አባት ስም ባስገባበት አንድ ቃል መለወጥ አያስፈልገኝም። ሁሉም እውነት ነው፣ እሱ ግን የለበትም።

አሁን ለሙት ዓመቱ የልጅ ልጆቹ የሚያነቡት ደህና ጽሑፍ እንዲዘጋጅ ቤተሰቡ ተስማምቶ ሥራው ዞሮ እኔው ላይ ወደቀ። በእጄ ያለው ትንሽ ነው። ጥቂት ፎቶዎች፣ መቀሱ፣ ከመኪናው ሥር ካለው ሣጥን ያገኘናቸው 14 የልክ ደብተሮች። ደብተሮቹ ላይ ያለው የደንበኛ ስም፣ ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ቁመት ነው፤ ሌላ ምንም የለም። አንዳንዱ ስም አጠገብ ትንሽ ክብ ምልክት አለ። ዕዳ ያልከፈሉ ይሆናሉ ብለናል።

አጎቴ «ተወው፣ በቃ፣ የሞተን ሰው ደብተር ስታገላብጥ ሐዘንህን ነው የምታረዝመው» ይለኛል። እኔ ግን ልተወው አልቻልኩም። እናንተ ስለ አባቶቻችሁ ስትጽፉ ከየት ጀመራችሁ?

ማለዳ

ነፍሳቸውን ይማር ወንድሜ፣ እናንተንም ያጽናችሁ።

እኔ የአባቴን ስጽፍ ያገዘኝ አንድ ነገር ነው። ቅጽሉን ሁሉ ሰረዝኩና ግሱን ብቻ አስቀረሁ። «ጠንቃቃ ነበር» የሚለውን አጠፋሁት። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከመነሣቱ በፊት መኪናውን ዞሮ እያንዳንዱን ጎማ በብረት እየመታ ድምፁን ያዳምጥ ነበር። ነፋስ የጎደለው ጎማ ድምፁ ድፍን ነው፤ በደንብ የተነፋው ይነጥራል። ከልጅነቴ ጀምሮ ንጋት ማለት ለእኔ የዚያ ብረት ድምፅ ነው። ያንን ስጽፍ ጠንቃቃነቱን ማንም እንዲነግረው ያስፈለገው አንባቢ አልነበረም።

አንድ ማለዳውን ጻፍ። ከእንቅልፉ ሲነሣ እጁ መጀመሪያ ምን ይነካ ነበር?

ጥላ ከለላ

ማለዳ ያለችው ልክ ነው። አንድ ቀን ብቻ ምረጥ፣ 51 ዓመቱን ተወው።

የልብስ ሰፊው ልጅ

አመሰግናለሁ። ማለዳ «እጁ መጀመሪያ ምን ይነካ ነበር» ስትይ ወዲያው የመጣልኝን ልጻፈው።

አባዬ ከ45 ዓመቱ በኋላ መርፌ ክር ማስገባት ተሳነው። ዓይኑ ለሩቁ ደህና ነው፤ ለቅርቡ ግን እምቢ አለ። መነጽር ቢገዛም ማታ ማታ በመብራት አይሆንለትም ነበር። ስለዚህ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዳችን በፊት በረድፍ ያቆመናል። እያንዳንዳችን ሦስት ሦስት መርፌ ክር እናስገባለን፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማ፣ ግራጫ። እሱ ክር የገባባቸውን መርፌዎች ከግድግዳው ላይ በተሰቀለች የስፖንጅ ቁራጭ ላይ ይሰካቸዋል። ክሩ እንዳይጠላለፍ ጫፉን አንድ አንድ ጊዜ ጠቅልሎ ነው። ማታ እኛ ስንተኛ እሱ ከዚያ እየነቀለ ቁልፍ ይተክላል፣ ገበር ይይዛል፣ እግር ይዘመዝማል። ጠዋት ስንነሣ ስፖንጇ ባዶ ነች። ስንት መርፌ እንደጨረሰ አይቼ ሌሊቱን ምን ያህል እንደሠራ አውቅ ነበር። አንዳንድ ቀን 18ቱም ያልቃሉ።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እስከ አሁን ታሪክ መሆኑም አልታየኝም ነበር።

ማለዳ

ከዚህ ጀምር። ሌላ መግቢያ አትፈልግ።

ሁለተኛ ልጅ

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔ እንደ እናንተ መጻፍ አልችልም። የእኔም አባት እስከ ሞተበት ቀን ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ሲወጣ ተኝቼ፣ ሲመለስ ተኝቼ አደግሁ። ድምፁን ብጠየቅ የማስታውሰው ሳሉን ነው። በቀብሩ ላይ ሦስት ሰው ተነሥቶ ታታሪነቱን ሲናገር በልቤ «እሱን ቤቱ ውስጥ ማን አየው?» እል ነበር። ታታሪ የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ስለ ሥራው ስትጽፉ ሥራው የወሰደባችሁንም ጻፉ። አለዚያ የልጅ ልጆቹ አንድ ሐውልት ይደርሳቸዋል እንጂ ሰው አይደርሳቸውም።

የልብስ ሰፊው ልጅ

እህቴም (ሦስተኛዋ ናት) ቃል በቃል ያንተን ነው ያለችኝ። የመርፌውን ታሪክ ሳነብላት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «እኔ ትምህርት ቤት በተሸለምኩ ጊዜ ሁሉ የመጣችው እማዬ ናት፤ አባዬ አንድ ቀን እንኳ አልመጣም፤ እሱን ትጽፈዋለህ?» አለችኝ። እጽፈዋለሁ ብያታለሁ፤ እንዴት እንደምጽፈው ግን አላወቅሁም።

ነገሩን እንዳለ ላስቀምጥ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ለአንድ ልብስ ሰፊ የዓመቱ ከባዱ ሥራ ነው፤ ሁሉም ወላጅ በአንድ ሳምንት ይመጣል። ሽልማት የሚሰጠው ደግሞ የትምህርት ማብቂያ ላይ፣ የሠርጉ ሥራ በተከመረበት ወቅት ነው። ምክንያቱ እሱ ነው። ምክንያቱን ማወቄ ግን ያኔ እህቴ ወንበሩን ባዶ አይታ የተሰማትን አይለውጠውም። ሁለቱንም ልጽፍ ነው።

ጡረተኛዋ ነርስ

ልጄ፣ ነፍስ ይማር። አጎትህ «ተወው» ስላሉህ ነው የምጽፍልህ። እኔ በሞትና በሐዘን አጠገብ ብዙ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ።

ሰው ሁሉ ሐዘን ደረጃ አለው፣ አንዱን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ያልፋል ብሎ ያስባል። ያ አስተሳሰብ የተስፋፋው ኤሊዛቤት ኩብለር-ሮስ የምትባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው መጽሐፍ ነው። እሷ ግን ያኔ አምስቱን ደረጃዎች የጻፈችው ሊሞቱ ከተቃረቡ ሕሙማን ጋር ተነጋግራ ነው፤ ስለ ሕመምተኛው እንጂ በቀጥታ ስለ ቀሪው ቤተሰብ አልነበረም። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የሚባሉ ተመራማሪዎች የጻፉት እኔ በዓይኔ ካየሁት ጋር ይበልጥ ይገጥማል። ሐዘንተኛ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ አንድ ቀን ሟቹን ያስባል፣ ያለቅሳል፣ በማግስቱ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ይላል። ሁለቱም ያስፈልጉታል። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ዴኒስ ክላስ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ደግሞ ከሟች ጋር ያለውን ትስስር መበጠስ ግዴታ እንዳልሆነ፣ ብዙ ሰው ትስስሩን መልኩን ለውጦ ይዞት እንደሚኖር አሳይተዋል። ስለዚህ ደብተር ማገላበጥህ በራሱ በሽታ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ሳልልህ አልቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት የሐዘን ብርታቱ ከ6 ወር በላይ ሳይቀንስ ሰውን ከሥራና ከኑሮ ሲያስተጓጉል የተራዘመ ሐዘን ብሎ መዝግቦታል። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሥራ እምቢ ካለህ ሰው አማክር። አጎትህንም አትቆጣቸው፤ እሳቸውም ወንድማቸው ነው የሞተባቸው።

እናትህ አሉ?

የልብስ ሰፊው ልጅ

አመሰግናለሁ እማማ። እናታችን አለች፤ 66 ዓመቷ ነው። የአባቴን ነገር ስጠይቃት የምትመልሰው ግን ስለ ልጅነታቸው፣ ስለተጋቡበት ሰሞን ብቻ ነው። የቅርቡን ስጠይቃት ትዘላለች። ስለዚህ ላስቸግራት አልፈለግሁም።

ጡረተኛዋ ነርስ

ማስቸገር አይደለም፤ እሷ ቀድማህ ጀምራለች። ሽማግሌ ወደኋላ እየተመለሰ ሲያወራ ድሮ እንደ መጃጀት ይቆጠር ነበር። ሮበርት በትለር የሚባል የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ነው ነገሩን የገለበጠው፤ ሰው ዕድሜው ሲገፋ የኖረውን ኑሮ መልሶ መመርመሩ ተፈጥሮአዊ ሥራው ነው አለ። ደግሞም ከ40 ዓመት በላይ ያለ ሰው ሕይወቱን ሲጠየቅ አብልጦ የሚመጣለት በ10ና በ30 ዓመት መካከል ያለው ጊዜው ነው። ይህ በብዙ ጥናት የታየ ነው። እናትህ የምትነግርህ እንግዲህ የአባትህን እጅግ የጠራውን ዘመን ነው፤ አንተ ያልነበርክበትን። ተቀበላት። ስልክህን ጠረጴዛ ላይ አድርገህ ቅዳት፤ መቅዳትህን ግን ንገራት። ከአንድ ሰዓት አታስበልጥ፤ ይደክማታል።

እና አንድ ልምድ ልንገርህ። «አባዬ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብለህ አትጠይቅ። «ጥሩ ሰው» ብላ ትዘጋዋለች። መቀሱን አምጥተህ እጇ ላይ አድርግላትና ዝም በል።

መዝገብ ቤት

እኔ የምገባው ስለ ደብተሮቹ ነው፤ ሥራዬ የቆየ ወረቀት ነው። የተቀደደ ገጽ ካለ እባክህ በፕላስተር እንዳታጣብቀው! ማጣበቂያው በዓመታት ውስጥ ቡናማ ሆኖ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፤ ከዚያ ማንም አያወጣውም። በፕላስቲክ ማስለበጥንም አታስብ፤ የተለበጠ ወረቀት መመለሻ የለውም። ርካሽ ደብተር ከእንጨት ብስብስ የሚሠራ ስለሆነ አሲድ አለበት፣ ለዚህ ነው ቢጫ የሚሆነው። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀህ ጠፍጣፋ አስቀምጠው።

መጀመሪያ ግን ምስሉን ያዝ። ስካን ስታደርግ ለደብተር ገጽ 300 ነጥብ በኢንች (የምስሉ ጥራት መለኪያ ነው) በቂ ነው፤ ለትናንሽ ፎቶዎች 600 አድርገው። ፎቶዎቹ መስታወት ላይ ተጣብቀው ከሆነ አትላጣቸው፤ በመስታወቱ ላይ እንዳሉ አንሣቸው። ጀርባቸው ላይ ስም የምትጽፍ ከሆነ በለስላሳ እርሳስ፣ ጫፍ ላይ ብቻ። ቅጂውን ሦስት ቦታ አድርገው፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን።

ባዶ የመሰሉትን ገጾችም አንሣ። ሰው ብዙ ጊዜ ይዘላቸዋል፤ እኔ ግን የደብተር ጀርባ ላይ ያገኘሁትን ያህል ሌላ ቦታ አላገኘሁም።

የልብስ ሰፊው ልጅ

ፕላስተሩን ትናንት ገዝቼ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፤ መልሼዋለሁ።

ጥላ ከለላ

ድምፅህ ጠፋ እኮ። እንዴት ሆነ?

የልብስ ሰፊው ልጅ

ቆየሁ፣ ይቅርታ። መዝገብ ቤት እንዳለኝ ከጀርባ ጀምሬ ነበር የማነሣው፤ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ከ14ቱ በ11ዱ ደብተሮች የመጨረሻ ገጾች ላይ ያለነው እኛ ነን። ስማችን ብቻ፣ ያለ አባት ስም። በየዓመቱ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ልካችንን ይወስድ ነበር፤ ያንን አስታውሳለሁ፣ ሜትሩ አንገቴ ላይ ሲነካኝ ይኮረኩረኝ ነበር። እሱ ግን ሁሉንም በቀን ጽፎ አስቀምጦታል። የሁላችንም ደረት፣ ትከሻ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ «ትርፍ 5» ይላል። እግሩ ውስጥ ታጥፎ የሚቀረው 5 ሳንቲም ጨርቅ ነው፤ ስናድግ ተፈትቶ የሚረዝመው። ሱሪያችን ላይ የዓምናው እጥፋት መስመር ሁልጊዜ ይታይ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ያሳፍረኝ ነበር።

እህቴን ጠራኋት። የእሷ ከ4 ዓመቷ ጀምሮ እስከ 19 ዓመቷ አለ። 16 መስመር፣ አንድም ዓመት ሳይዘለል። በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። 12 ዓመቷ ላይ አጠገቡ በእርሳስ «በአንድ ዓመት 9 ሳንቲም!» ብሎ ጽፏል። ቃለ አጋኖው የእሱ ነው፤ በ14ቱ ደብተር ውስጥ ያየሁት ሌላ ቃለ አጋኖ የለም።

እህቴ ምንም አላለችም። በማግስቱ ደውላ «የሽልማቱን ነገር ጻፈው፤ ይህንንም ከሥሩ ጻፈው፤ አታስታርቃቸው» አለችኝ።

ሁለተኛ ልጅ

አነበብኩት። ሦስት ጊዜ።

የእኔ አባት ደብተር አልነበረውም። ግንበኛ ነበር። ግን አሁን ሳስበው፣ በየሄድንበት «ይህን ግድግዳ አየኸው?» እያለ ያሳየኝ ነበር። እኔ መኩራራት ይመስለኝ ነበር። ምናልባት ሊያወራኝ የሚችለው በዚያ ብቻ ይሆናል። ቅሬታዬ አልጠፋም፤ ግን ከአንዳንዶቹ ግድግዳዎች ጋር ፎቶ ልነሣ ወስኛለሁ።

ማለዳ

ሁለተኛ ልጅ፣ ስትነሣ እጅህን ግድግዳው ላይ አድርግ። ልጆችህ ትልቅነቱን የሚያዩት ከእጅህ አንጻር ነው።

የልብስ ሰፊው ልጅ

እማዬን ቀዳኋት። መቀሱን እጇ ላይ ሳደርግላት መጀመሪያ ያደረገችው ማሽተት ነው። ከዚያ 50 ደቂቃ አወራች። በተጋቡ በሁለተኛው ወር አንድ ድርጅት (ስሙን አልጠራም) 120 የሠራተኛ ልብስ አሰፍቶት ሳይከፍለው ቀረ። ጨርቁን በዱቤ ነበር ያመጣው። ዱቤውን ለመክፈል ሁለት ዓመት ፈጀበት፤ ቀን ቀን የደንበኛ፣ ሌሊት ሌሊት ለነጋዴዎች ሸሚዝ በቁጥር እየሰፋ። «ያኔ ነው ሌሊት መሥራት የለመደው፤ ዕዳው አለቀ፣ ልማዱ አልለቀቀውም» አለችኝ። ለምን ቤት እንዳልነበረ 40 ዓመት ሙሉ የገመትነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መለሰችው።

ክብ ምልክቱንም ጠየቅኋት። አታውቅም። «ለማጅ የነበሩትን ጠይቅ» አለች።

ጥላ ከለላ

ምልክቱ ዕዳ ከሆነ የባለዕዳዎቹን ስም ጽሑፉ ላይ እንዳታወጣ። ልጆቻቸው አሉ።

የልብስ ሰፊው ልጅ

ዕዳ አይደለም።

ትናንት አባዬ ዘንድ ሥራ የለመደውን ጋሼን አገኘሁት፤ አሁን የራሱ ቤት ያለው ትልቅ ሰፊ ነው። ደብተሩን ሳሳየው ገና ከሩቁ ፈገግ አለ። ክቡ አንዱ ትከሻቸው ከሌላው ዝቅ ያለ ሰዎች ናቸው አለኝ። ብዙ ሰው እንዲያ ነው፤ ቦርሳ በመሸከም፣ በአቀማመጥ፣ ከተፈጥሮም። ኮት በቀጥታ ከተቆረጠ ያ ጎን ይጨማደዳል፣ ኮሌታውም ከአንገት ይርቃል። መፍትሔው ዝቅ ያለውን ጎን ለብቻው መቁረጥና ከገበሩ ሥር ስስ ስፖንጅ ማከል ነው። ሥራው ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ዋጋም አይጨመርበትም። «ጌታዬ ይህንን ለደንበኛው ፈጽሞ አይነግርም ነበር» አለኝ ጋሼ። «እኛንም ጮክ ብላችሁ እንዳትናገሩ ይለን ነበር። ሰው ልብስ ሊያሰፋ መጥቶ ጉድለቱን ሰምቶ መሄድ የለበትም ይል ነበር። ለዚህ ነው ክብ ያደረገው፤ ደንበኛው ደብተሩን ቢያይ እንኳ እንዳይገባው።»

ከዚያ ደብተሩን ወደኋላ ገለበጠና የእኛን ገጽ አወጣ። ከስድስታችን ስም አጠገብ አንድ ክብ አለ። እኔ አላየሁትም ነበር፤ በጣም ትንሽ ነው፣ በእርሳስ የተሠራ። የእኔ ስም ነው። 11 ዓመቴ ላይ ይጀምርና እስከ ሠርጌ ኮት ድረስ አለ።

ማታ ቤት ገብቼ የሠርጌን ኮት አወጣሁት። ገበሩን ከውስጥ በጣቴ ዳሰስኩ። በግራ በኩል አለች፣ ከቀኙ ወፈር ትላለች። ከዚያ ባለቤቴን ጠርቼ ሸሚዜን አውልቄ መስታወት ፊት ቆምኩና «ትከሻዬ እኩል ነው?» አልኳት። ጥቂት አየችኝና «አይደለም፤ ግራው ዝቅ ይላል፤ አታውቅም ነበር እንዴ?» አለችኝ።

41 ዓመቴ ነው። አላውቅም ነበር።